ሃያ አንደኛው እርከን

ነዳፊው ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ስድስት ዓመታት በሩን ያንኳኩ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ፣ የቤት ቁጥር የተሳሳተ ዕቃ አድራሽ፣ «ከመታጠቢያ ቤትዎ ውሃ ይወርድብኛል» ብላ ለጠብ የመጣች የታች ቤት ጎረቤት። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ፣ ቆጣሪ አንባቢው መስሎት፣ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹ ሳሙና እንደለበሰ ከፈተ።

በሩ ላይ የቆመችው ግን በዕድሜ ከሴት ልጁ ብዙም የማትርቅ፣ ትልቅ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ሳሙናውን አይታ ፈገግ አለችና ይቅርታ ጠየቀች። ፊልም ዳይሬክተር ናት። ስለ ከተማዋና ስለ ሕንፃዎቿ አጭር ዘጋቢ ፊልም እየሠራች ነው። የድሮ ፕላኖችን ለማየት ወደ ሕንፃ ሥራዎች መምሪያ መዝገብ ቤት ሄዳ፣ ባገላበጠችው ወረቀት ሁሉ ጥግ ላይ አንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ አየች፤ እንደ ታተመ ፊደል የተስተካከለ፣ ደቃቅ፣ ቀጥ ያለ። የማን ነው ብትል የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር የቀራት አንዲት ጸሐፊ «እሱማ የነዳፊው ነው» ብላ አድራሻውን ፈልጋ ሰጠቻት።

ነዳፊው በሩን እንደያዘ ቆመ። ሳሙናው ፊቱ ላይ ደርቆ ሲቆነጥጠው ነው ግቢ ማለት ትዝ ያለው።

ሥራው እንዲህ ነበር። አርክቴክቱ ሕንፃውን ያልማል፣ መሐንዲሱ ያሰላል፣ የሁለቱም ስም በሩ ላይ እብነ በረድ ላይ ይቀረጻል። ነዳፊው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ሐሳባቸውን በስስ ወረቀት ላይ በቀለም ብዕር መሥመር በመሥመር ያወርደዋል። ግንበኛው የሚያየው የእሱን መሥመር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ አጎንብሶ ኖረ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ንብም ነዳፊ፣ አንተም ነዳፊ፤ እሷ ግን ማር ትሰጣለች» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በደረጃ ንድፍ ግን የሚስተካከለው አልነበረም። አዲስ የመጣ መሐንዲስ ሁሉ የደረጃውን ሥራ ወደ እሱ ጠረጴዛ ይገፋዋል። መሀል ከተማ ካሉት ትልልቅ ሕንፃዎች የዘጠኙ ደረጃ የወጣው ከእሱ ብዕር ነው። ይህን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ነበሩ፤ አሁን እሱ ብቻ ነው።

ዳይሬክተሯ ሕንፃዎቹን እየዞረ እንዲያሳያት ለመነችው። ብዙ አላስለመናትም።

አሥራ አንድ ቀን አብረው ዞሩ፤ እሷ፣ ቃል ከአፉ የማይወጣ አንድ ረጅም ካሜራ ማን፣ እና ነዳፊው። ጠዋት ፀሐይ ገና ከጣሪያ በላይ ሳትወጣ ይጀምራሉ። ፖስታ ቤቱን፣ ባቡር ጣቢያውን፣ ጣሪያው እንደ ተከፈተ መጽሐፍ የሆነውን የገበያ አዳራሽ፣ አራት መቶ መስኮት ያላቸውን የኪራይ ቤቶች አዳረሱ። ዳይሬክተሯ ሕንፃውን ባዶውን ነበር የምትፈልገው። ሰው በካሜራው ፊት ሲያልፍ እስኪያልፍ ይጠበቃል፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል፤ አንዳንዴ ለሃያ ሴኮንድ ቀረጻ አንድ ሰዓት ይቆማሉ። ነዳፊው በዚያ ሁሉ ጊዜ ያወራላታል። ድምፅ መቅጃው ኮሌታው ላይ ተሰክቷል።

«ጥሩ ደረጃ ማለት እግር የማያስብበት ደረጃ ነው» አላት አንድ ቀን ጣቢያው ውስጥ። «እግር ሁለቱን እርከን ከረገጠ ሦስተኛውን በልቡ ይዞታል። ከዚያ በኋላ ዓይን አይጠይቅም፣ ያምናል። አሥራ ስድስት ሳንቲ ከፍታ፣ ሠላሳ ሳንቲ ስፋት። ይህን ጠብቂለት እንጂ እርጉዝም፣ ሽማግሌም፣ ሰካራምም ይወጣዋል።»

ቤቱም ሰው ለመደ። ምሳ እኔ ጋ ነው ብሎ ይዟቸው ይመጣል፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ አንድ ሳህን አጥቦ አንድ ሳህን የሚያስቀምጠው ሰው፣ የሚስቱን ሳህኖች ከቁም ሳጥኑ አናት አውርዶ አቧራቸውን አጠበ። ጨው ያበዛል፣ እነሱም እያመሰገኑ ውሃ ይጠጣሉ። ጢሙን በየጠዋቱ ይላጫል። የታች ቤቷ ጎረቤት አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ብታየው «ሊያገቡ ነው እንዴ?» አለችው። የለም፣ ፊልም እየሠራሁ ነው አላት፤ ያን ቀን ስለ ውሃው ሳታነሳ አለፈች።

አንድ ነገር ግን ነበር። መንገዳቸው ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ባመራ ቁጥር ነዳፊው ምክንያት አያጣም። አንድ ቀን ፀሐዩ በተሳሳተ በኩል ነው ይላል፣ ሌላ ቀን ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቀን ጉልበቴን። ዳይሬክተሯ ሞኝ አልነበረችም። በአሥረኛው ቀን፣ ከተማዋ ውስጥ እንደዚያ ያለ ደረጃ የለም እየተባለ እንዴት ይዘለላል፣ ብላ በግልጽ ጠየቀችው። ነዳፊው «እንሂድ» አለ።

የቤተ መጻሕፍቱ ዋና አዳራሽ ደረጃ ሃያ አራት የድንጋይ እርከኖች አሉት፤ ሰፊ ነው፣ ከላይ ከመስተዋት ጣሪያ ብርሃን ይወርድበታል። ዳይሬክተሯ ከታች ሆና አንገቷን አቅንታ አየችው። ከዚያ ነዳፊውን አሥረኛው እርከን ላይ አስቀመጠችው፤ ካሜራው ከፊቱ ተተከለ።

«ጋሼ» አለችው፣ «ይህን ደረጃ ሲያዩት ምን ይሰማዎታል?»

ለማንም ያልነገረውን ነገራት።

ነገሩ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቤተ መጻሕፍቱ የሚመረቅበት ቀን ተቆርጦ መሥሪያ ቤቱ በጥድፊያ ይታመስ ነበር። የነዳፊው ሚስት የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ ሐኪሞቹ አልጋ አስይዘዋታል፤ እሱ ጠረጴዛው ላይ፣ ልቡ ሆስፒታል ነበር። የደረጃውን የእያንዳንዱን እርከን ከፍታ በቁጥር ይጽፋል፤ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት። ሃያ አንደኛው ላይ ሲደርስ ስድስቱ ተገልብጦ ዘጠኝ ሆነ። እሱም አላየው፣ የፈረመው መሐንዲስም አላየው።

ድንጋዩን ጠርቦ ያነጠፈው ግንበኛ በከተማው ሁሉ «ቱንቢ» ይባል ነበር። ቱንቢ ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ ክር ላይ የሚንጠለጠል ክብደት ነው፤ እሱ ግን ያለ ክር በዓይኑ ያያል ተብሎ ነው ስሙ የወጣለት። ቱንቢ ወረቀቱ ያለውን ሠራ። በምረቃው ቀን ከንቲባው ሪባን ቆርጠው፣ እንግዶቻቸውን አስከትለው፣ እያወሩ ደረጃውን ወጡ፤ ሃያ አንደኛው ላይ ሲደርሱ እግራቸው ያመነው ቦታ ላይ ድንጋይ ጠበቀው። በጉልበታቸውና በእጃቸው ተደፉ። ማንም አልሳቀም፤ የባሰውም ይህ ነበር።

በማግስቱ ዋናው መሐንዲስ ፕላኑን አምጡልኝ አለ። ፕላኑ የነዳፊው መሳቢያ ውስጥ ነበር። አውጥቶ ሊወስድ ሲል ዘጠኟን አያት። ልጁ ከተወለደች አራት ቀኗ ነው። ጥፋተኛው ይባረራል መባሉን ጠዋት ሰምቷል። የቀለም ስሕተት የሚፋቅበት ምላጭ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዘጠኟን ፋቀ፣ ወረቀቱን በጥፍሩ አለሰለሰ፣ ስድስት ጻፈበት። ሁለት ደቂቃም አልፈጀበት። መሐንዲሱ አየ፤ ፕላኑ ትክክል ነው። ግንበኛው በዚያው ሳምንት ተባረረ።

ከዚያ ወዲያ ትልቅ ሕንፃ ላይ የሚያሠራው አጣ። ሰው ስሙን ቀየረለት፤ «ሦስት ሳንቲ» አሉት። እርከኗ አልተስተካከለችም፤ እሷን ለማውረድ ሌሎቹን ማንሳት ነበረባቸውና ጫፏ ላይ ቢጫ ቀለም ቀብተው ተዉት። ቀለሙ ለቀቀ፣ ሰው መደናቀፉን ቀጠለ። ነዳፊው ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ሚስቱ አጠገቡ ሃያ ስድስት ዓመት ስትተኛ አልነገራትም።

ይህን ሁሉ አሥረኛው እርከን ላይ ተቀምጦ ተናገረ። ሲጨርስ ካሜራ ማኑ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ዳይሬክተሯ እጁን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም። ነዳፊው ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ሰውነቱ ቀሎት ነበር።

ሐሳቡም ይሄ ነበር፤ ፊልሙ በአራት ወር ይታያል፣ ያን ግንበኛ እጠራዋለሁ፣ ቁጭ ብሎ ከአፌ ይሰማል። ፊት ለፊት ቆሞ ለመናገር ወኔው አልነበረውም። የግንበኛውን ሰፈር ድሮም ያውቃል፤ በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እስከ መንገዱ ጥግ ሄዶ ተመልሷል። አሁን ካሜራው በእሱ ፈንታ ይናገርለታል። ፈሪ ሰው መላ አያጣም።

አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ማንም አልመጣም። አሥራ ሦስተኛውም ላይ። ሳህኖቹን ለጥቂት ሳምንት እታች መደርደሪያ ላይ ተዋቸው፤ ከዚያ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ወደ ቦታው መለሰ። ዳይሬክተሯ ሁለት ጊዜ ደወለች፣ ኋላ ተወች። ቴሌቪዥኑን ሰው ያለ እንዲመስል ከፍቶት ወደ ማድ ቤት ይሄዳል። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጁ እሑድ እሑድ ስትደውል ስለ ፊልሙ ነገራት፤ ምን እንደ ተናገረ ግን አልነገራትም። ሥራዋ ስለማይለቃት ፊልሙ ለሚታይበት ቀን መምጣት አትችልም። «አባዬ አርቲስት ሆነሃል» ብላ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ፤ ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጭር አለ።

በአራተኛው ወር ሁለት የጥሪ ካርድ ደረሰው። በማግስቱ አንዱን ይዞ ሄደ። ግንበኛው ከቤቱ ራቅ ብሎ የአንድ መጋዘን አጥር እየገነባ ነበር። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ትከሻው ግን ያው ነው። ነዳፊው ሕንፃ ሥራዎች መምሪያ እሠራ ነበር፣ ስለ ከተማዋ ሕንፃዎች ፊልም ተሠርቷል፣ የእርስዎም ሥራ አለበት፣ ብሎ ካርዱን ሰጠው። ግንበኛው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለ፤ ካርዱን አየ፣ ነዳፊውን አየ። እመጣለሁም አልመጣምም አላለም።

መጣ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት፣ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ ኮት ለብሶ መጣና ነዳፊው በያዘለት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰላም ተባባሉ። መብራት ጠፋ።

ፊልሙ ቆንጆ ነበር። ይህን ነዳፊው በኋላም አልካደም። ጎሕ ሲቀድ ጣሪያዎቹ አንድ በአንድ ከጨለማው ይወጣሉ። የፖስታ ቤቱ አምዶች ጥላ ወለሉ ላይ እየረዘመ ሄዶ ግድግዳ ላይ ይታጠፋል። አራት መቶ መስኮቶች ላይ የደመና መልክ ያልፋል፤ አንዷ መስኮት ተከፍታ መጋረጃዋ ይወጣል፣ ይገባል። የገበያው አዳራሽ ውስጥ ዝናብ በቦይ ይወርዳል። ሰው የለም። ቃልም የለም። ነፋስ፣ ርግቦች፣ የሆነ ቦታ የሚዘጋ በር። ነዳፊው ገና ነው፣ ገና ነው እያለ ይጠብቃል። ከተማዋን እንደዚህ ባዶዋን አይቷት አያውቅም፤ ሁሉም ሰው ሄዶ እሱን ብቻ የረሱት መሰለው።

ቤተ መጻሕፍቱ መጣ። ካሜራው ከደረጃው ሥር ቆሟል። ብርሃኑ ከመስተዋቱ ጣሪያ ገብቶ ቀስ እያለ ከእርከን ወደ እርከን ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ሥር አንድ ቀጭን የጥላ መሥመር አለ። ሃያ ሦስት ቀጫጭን መሥመሮች። የቀረችዋ አንዷ ግን ወፍራም ናት። አዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ይህን ያዩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ነዳፊው አጠገቡ ግንበኛው ትንፋሹን ሲስብ ሰማው።

አሁን ነዳፊው ራሱ ሸራው ላይ ይናገራል። አሁን ፊቱ ይመጣል። ብርሃኑ ታችኛው እርከን ላይ ደረሰና ሌላ ሕንፃ መጣ። ከዚያ ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ማታ ላይ ጣሪያዎቹ እንደገና። ሃያ ሁለት ደቂቃ። አለቀ።

መብራት በራ፣ ሰው አጨበጨበ። ዳይሬክተሯ መድረክ ላይ ወጥታ ብዙ ሰው አመሰገነች፤ «ደረጃን ማየት ያስተማሩኝ አንድ አባት» ብላም አመሰገነች። ሰው መውጣት ጀመረ። ግንበኛው አልተነሳም።

«ጥሩ ነው» አለ ፊቱን ወደ ባዶው ሸራ እንዳደረገ። «ግን ምን ሊያሳዩኝ ነው የጠሩኝ?»

ነዳፊው ወደ እሱ ዞረ። «ፊልሙ ውስጥ ተናግሬ ነበር። አውጥተውታል።»

«ምን ተናገሩ?»

የሚናገርለት አልነበረም። ካሜራ የለም፣ ዳይሬክተሯ ሩቅ በሰው ተከባለች። ነዳፊው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ያቺን እርከን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አለ። አሥራ ዘጠኝ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በማግስቱ በምላጭ ፋቅኩት። ሌላ ብዙ ሊል ያዘጋጀው ነበር፤ የተወለደችው ልጅ፣ ፍርሃቱ፤ ሁሉም አፉ ውስጥ ቀረ።

ግንበኛው ዓይኑን ከሸራው አልነቀለም።

«በምላጭ ነው?» አለ በመጨረሻ። «እኔ በላጲስ መስሎኝ።»

ነዳፊው ቀና አለ።

«ቅጂው እኮ እኔ ጋ ነው» አለ ግንበኛው። «ሥራው ቦታ የተሰጠኝ ሰማያዊው ቅጂ። አሥራ ዘጠኝ ይላል። ያኔም ለአሠሪው ነግሬዋለሁ፣ ወረቀቱ ያለውን ሥራ አለኝ፤ የላይኛውን ወለል አሳድጌ አስታረቅኩት። ስባረር ያን ወረቀት ይዤ መሥሪያ ቤታችሁ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ዘበኛው አላስገባኝም። በሦስተኛው ቀን ቀና ስል አንተ መስኮቱ ላይ ቆመሃል። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አሳየሁህ።»

ነዳፊው ይህንን ለካሜራውም አልተናገረውም ነበር። መጋረጃውን መሳቡን፣ መጋረጃው አረንጓዴ እንደ ነበረ ሁሉ ያስታውሳል። ግንበኛው «እርስዎ»ን ትቶ «አንተ» ማለቱንም ሰምቷል፤ መናቅ ይሁን መቅረብ አልለየውም።

«ታዲያ ለምን...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ለምን? ለማን ልናገር? መጀመሪያ ዓመት ተናደድኩ። አጥር ገነባሁ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ገነባሁ፣ ልጆቼን አሳደግኩ። ድንጋይ ጠርቤ የማነጥፈው ሥራ ግን ቀረ። እሱ ይቆጨኛል፤ አልዋሽህም። ዛሬም ይቆጨኛል።» ከዚያ ድምፁ ትንሽ ላላ። «ሚስቴ ወረቀቱን አይታለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ዘጠኝን ከስድስት ግን ትለያለች። ሰው ሁሉ ሦስት ሳንቲ ሲለኝ እሷ ቱንቢ ነው የምትለኝ። ያንተዋ ምን አለች?»

«አልነገርኳትም። ሞታለች።»

ግንበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብሎ አየው። አንድን ድንጋይ ከመጥረቡ በፊት እንደሚያይ አድርጎ አየው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ብቻህን ይዘኸው?»

ነዳፊው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ይቅር በለኝ አለው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ግንበኛው፣ እየተነሳ። «ይቅርታውን እንጃ፤ በአንድ ከሰዓት የሚሆን አይደለም። መጀመሪያ ጻፈው። በዚያች በምታምረው ጽሑፍህ ጻፈውና እዚያው መሥሪያ ቤት አስገባ፣ ማኅተም ይምቱበት። አንዱን ለእኔ አምጣልኝ።» ኮቱን አስተካክሎ በወንበሮቹ መሀል ወጣ።

ዳይሬክተሯ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ፊቷ ላይ ጥፋቷን የምታውቅ ሰው ድንጋጤ ነበር። ቃል ያለበትን ሁሉ ያወጣችው ከተማዋ ራሷ እንድትናገር ብላ ነው፤ የእሱ ታሪክ ደግሞ ከባድ ነው፣ ከገባ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ልትነግረው ይገባ እንደ ነበር ታውቃለች፤ ስልኩን አንስታ አንስታ ስላፈረች መልሳ አስቀምጣዋለች። ቀረጻው አለ፣ ብቻውን ሌላ ፊልም ይሆናል አለችው። ነዳፊው አልተቆጣትም። እስከ ጥግ ሄዶ መመለስን ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም።

«ይቅር ልጄ» አላት። «ሰውዬው ሰምቷል።»

ጽሑፉ አምስት ቀን ፈጀበት። ገጽ ተኩል ናት። መጀመሪያ በጻፋት ውስጥ ሰበብ በዛባት፤ ቀደዳት። ሁለተኛዋ ውስጥ ለቅሶ በዛባት፤ እሷንም ቀደዳት። የመጨረሻዋ ላይ የሆነውን ብቻ ጻፈ፤ ቀኑን፣ የወረቀቱን ቁጥር፣ ዘጠኙን፣ ምላጩን፣ መስኮቱን። እንደ ድሮው በእርሳስ ስስ መሥመር አስምሮ፣ ፊደሎቹን በላዩ አስቀምጦ፣ ሲደርቅ መሥመሩን አጠፋ።

መምሪያው ውስጥ የተቀበለው መዝገብ ያዥ አዲስ ሰው ነበር። አቤቱታ ነው ወይስ ጥቆማ ሲል ጠየቀው። ጥፋት ነው አለ ነዳፊው። የማን ሲለው የእኔ አለው። መዝገብ ያዡ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበና አለቃውን ጠራ፤ አለቃው አነበበና እንዲህ ላለ ነገር ቅጽ የለንም አለ። ሁለቱም ነዳፊውን ቀና እያሉ ያያሉ፤ አልከፉበትም፣ ግን ከሌላ ዓለም እንደ መጣ ሰው ነው የሚያዩት። ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ከምሳ በኋላ መዝገብ ያዡ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ክፍል ቁጥር ሰጥቶ ከቤተ መጻሕፍቱ ፕላን ጋር አያያዘው፣ ሁለቱም ቅጂ ላይ ማኅተም መታ።

ግንበኛው የመጋዘኑን አጥር አጋምሶት ነበር። መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ ቀስ ብሎ አነበበ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ጨርሶ አራት ቦታ አጠፈውና ከሸሚዙ ኪስ ከተተው። ነዳፊው አንድ ነገር ይላል ብሎ ጠበቀ።

«ሲሚንቶው ይደርቅብኛል» አለ ግንበኛው። ከዚያ በአገጩ ወደ ድንጋዩ ክምር አመለከተ። «ያቺን ጠፍጣፋዋን አቀብለኝ።»

ነዳፊው አቀበለው። ሌላም አቀበለው። ድንጋይ በወረቀት ላይ ስንት ዓመት ሲያነሳ ሲያስቀምጥ ኖሮ፣ እንዲህ እንደሚከብድ አያውቅም ነበር፤ ጥፍሩ ተሰበረ፣ ኮቱ ነጣ። ግንበኛው አንዱን መሥመር ሲጨርስ ይበቃል አለው። ደህና ዋል ተባባሉ። በሩ ላይ ደርሶ ዞር ሲል ግንበኛው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሠራውን እያየ ነበር፤ ቀና አላለም።

እሑድ ልጁ ስትደውል ሳትጠይቀው ነገራት። ከመወለዷ ጀምሮ፣ እስከ መጨረሻው። ስታለቅስ ወይም ስትቆጣ ይሰማኛል ብሎ ነበር፤ ምንም አልሰማም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «አለሽ?» አላት።

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

እሺ አባዬ፣ እደውላለሁ ብላ ዘጋች። በሚቀጥለው እሑድ ስልኩ አልጮኸም። ነዳፊው ስልኩ አጠገብ ውሎ አመሸ፤ እሱ መደወል ይችል ነበር፣ ግን ተራው የእሷ ነው ብሎ ተወው። ሰኞ፣ ማክሰኞ አለፈ። ገበያ ወጥቶ ሲመለስ በበሩ ላይ ጆሮውን ደቅኖ፣ ውስጥ ይጮህ እንደሆነ አዳመጠ።

ስልኩ የጮኸው በሁለተኛው እሑድ ነው። ስለ ጤናው ጠየቀችው፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ታች ቤቷ ጎረቤትና ስለ ውሃው። ቱቦው መጠገኑን ነገራት። የሷ ከተማ ዝናቡ አላቆመም።

«ሰውዬው» አለችው ከዚያ፣ «ልጆች አሉት አልከኝ?»

«ሦስት።»

«ትልቁ ስንት ዓመቱ ነው? ከእኔ ይበልጣል?»

ነዳፊው አላውቅም አላት፤ አልጠየቅኩትም። ሳምንት ጠይቀህ ንገረኝ አለችው።